ማንበብ የሚያውቀው አህያ

የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» በተነሣ ቁጥር በተማሩ ወዳጆቻችን መካከል የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አሳማዎች ላይ ያርፋል። አንደኛው ወገን «ናፖሊዮን በጉልበት ባይቀማው ኖሮ ስኖውቦል አብዮቱን ከታለመለት ግብ ያደርሰው ነበር» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጊዜ አላገኘም እንጂ እርሱም ከናፖሊዮን የተሻለ አይሆንም ነበር» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ የሚሞቀው የአንድ እንግሊዛዊ ገበሬ እርሻ ስላሳሰበን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። «እገሌ ባይገደል ኖሮ፣ የእነ እገሌ ቡድን ቢያሸንፍ ኖሮ» እያልን የራሳችንን ታሪክ የምንመረምርበት ልማድ ወደ መጽሐፉም ተከትሎን ስለሚገባ ነው።

ክርክሩን አልንቀውም፤ ቆይቼም እመለስበታለሁ። ነገር ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ፊደል ቆጥረናል፣ ጋዜጣ እናነባለን፣ የሚሆነውን ሁሉ እናውቃለን የምንለውን እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ባለታሪክ ከሁለቱ አሳማዎች አንዱም አይደለም። እርሱ በመጽሐፉ ውስጥ ከስንት አንዴ ብቻ አፉን የሚከፍት፣ ቤንጃሚን የሚባል አሮጌ አህያ ነው። የሌሎቹ እንስሳት ፍላጎትና ምክንያት ከእርሱ ጋር ተነጻጽሮ ሲታይ ተረቱ ስለ አምባገነን ብቻ የተጻፈ አለመሆኑ ይገለጣል ብዬ አምናለሁ።

በእንስሳት ስም ስለ መንግሥት መናገር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀውን «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ሲያዘጋጁ መሠረት ያደረጉት የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ነበር። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የተመለሱ ሰው ስለ ነበሩ የቤተ መንግሥቱን አሠራር በሌላ ዓይን ያዩት ነበር። ተውኔቱ በመኳንንቱ ፊት ከታየ በኋላ ታገደ። ሰምና ወርቅ በለመደ አገር አውሬ ስለ አውሬ ብቻ እንደማይናገር ተመልካቹ ሁሉ ያውቅ ነበርና።

ሆኖም በጥንቱ ተረትና በኦርዌል መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በጥንቱ ተረት ቀበሮ ተንኮለኛ፣ ጅብ ሆዳም፣ አንበሳ ጉልበተኛ ሆኖ ይፈጠራል፤ የሚያደርገውንም የሚያደርገው ተፈጥሮው ስለሆነ ነው። ተፈጥሮን ደግሞ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። በኦርዌል እርሻ ላይ ያሉት እንስሳት ግን ይመርጣሉ። አንድ አይነት ረኀብ የራባቸው፣ አንድ አይነት ጅራፍ ያረፈባቸው ሆነው ሳለ፣ ጌታቸውን ጆንስን ካባረሩ በኋላ እያንዳንዳቸው በተለያየ ምክንያት ወደ ተለያየ መንገድ ይሄዳሉ። ስለዚህ እነርሱን መመርመር ምን ፈለጉ፣ ለምንስ ፈለጉ ብሎ መጠየቅ ነው።

መጽሐፉ በማን ላይ እንደ ተጻፈ ኦርዌል አልደበቀም። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ፋሺዝምን ሊወጋ ወደ ስፔን ሄደ፤ በግንቦት 1937 ጉሮሮው ላይ በጥይት ተመታ፤ ከቁስሉ ሳያገግም የተሰለፈበት ግራ ዘመም ድርጅት በሶቪየት ደጋፊዎች ግፊት «የፋሺስት ተላላኪ» ተብሎ ስለ ታገደ ከባለቤቱ ጋር ሸሽቶ ወደ ፈረንሳይ ወጣ። አብረውት ምሽግ የቆፈሩ ሰዎች በአንድ ሌሊት ከሃዲ ሲባሉ፣ የአገሩ ጋዜጦችም ይህንኑ ሲያስተጋቡ አየ። መጽሐፉን የጻፈው ከኅዳር 1943 እስከ የካቲት 1944 ባሉት ጥቂት ወራት ነው። ጊዜው እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት በአንድ ግንባር ሂትለርን የሚወጉበት ስለ ነበር አሳታሚ ማግኘት አስቸገረው። ጎላንክዝ እምቢ አለ። ጆናታን ኬፕ ከመንግሥት የማስታወቂያ ሚኒስቴር አንድ ባለሥልጣን ምክር ከሰማ በኋላ እምቢ አለ፤ በተለይ ገዢዎቹ አሳማዎች መሆናቸው ሩሲያውያንን እንደሚያስቀይም ገለጸለት። በመጨረሻ ሴከር ኤንድ ዋርበርግ ነሐሴ 17 ቀን 1945፣ ጦርነቱ ባበቃበት ሳምንት፣ 4,500 ቅጂ አትሞ አወጣው።

እዚህ ላይ ስለ አሳማ አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ አሳማን ስለሚጸየፍ፣ የእኛ አንባቢ ገና ከመጀመሪያው ገጽ አሳማዎቹን በክፉ ዓይን ያያቸዋል። ይህ ንባቡን ያበላሽበታል። ለእንግሊዛዊ ገበሬ አሳማ የግቢው ብልህ እንስሳ ነው። ኦርዌልም የሚፈልገው አንባቢው በመጀመሪያ እንዲያደንቃቸው ነው። ማንበብና መጻፍ ራሳቸውን ያስተማሩ፣ የአዛውንቱን የሜጀርን ሕልም ወደ ሥርዓት ያለው ትምህርት የለወጡ፣ ሌሊት በድብቅ እየሰበሰቡ የቀሰቀሱ እነርሱ ናቸው። በዘመናቸው ቋንቋ ንቁው ክፍል ነበሩ።

አሁን ወደ ሁለቱ ልመለስ። የስኖውቦልና የናፖሊዮን ፍላጎት አንድ ነው ማለት መጽሐፉን በትክክል አለማንበብ ነው። ስኖውቦል ነገን ይወዳል። ማንበብና መጻፍ ያስተምራል፣ ኮሚቴ በኮሚቴ ላይ ያቋቁማል፣ የጆንስን አሮጌ መጻሕፍት እያገላበጠ የንፋስ ወፍጮ ንድፍ በኖራ ይስላል፣ ጦርነት ሲመጣ ከፊት ሆኖ ይቆስላል። ናፖሊዮን ለንድፉም ለኮሚቴውም ደንታ የለውም። እርሱ ዘጠኝ ቡችሎችን ከእናቶቻቸው ወስዶ በሰገነት ላይ ለብቻቸው ያሳድጋል። አንዱ ትውልድን ለማስተማር ሲሮጥ ሌላው ውሾችን ያስተምራል። ቀኑ ሲደርስ ማን እንዳሸነፈ እናውቃለን፤ ስኖውቦል ተባረረ፣ የንፋስ ወፍጮውም ሐሳብ የናፖሊዮን ሆነ። ትሮትስኪና ጓዶቹ ፈጣን ኢንዱስትሪ ያስፈልገናል ሲሉ የተቃወማቸው ስታሊን፣ እነርሱን ካስወገደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1928 የአምስት ዓመቱን ዕቅድ የራሱ አድርጎ መጀመሩን ኦርዌል እንዲህ አድርጎ ነው የተረተው። ትሮትስኪ በ1929 ከአገር ተባረረ፤ በነሐሴ 1940 ሜክሲኮ ውስጥ ተገደለ።

ነገር ግን የስኖውቦል ደጋፊዎች የሚዘሉት አንድ ቦታ አለ። አብዮቱ በተካሄደ በጥቂት ቀናት ውስጥ የታለበው ወተት ይጠፋል፤ ቀጥሎም ከዛፍ የረገፈው ፖም ለአሳማዎች ብቻ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። አፈ ቀላጤው ስኩዊለር ወጥቶ «ወተትና ፖም አንወድም፤ የምንበላው ስለ እናንተ ጤና ስንል ነው፤ አእምሯችን ቢደክም ጆንስ ይመለስባችኋል» የሚል ይዘት ያለው ማብራሪያ ይሰጣል። በሌላ ጉዳይ ሁሉ የሚጣሉት ናፖሊዮንና ስኖውቦል በዚህ ጉዳይ ላይ ፍጹም ተስማምተው ነበር። ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 መጨረሻ ለአንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ ወዳጁ በላከው ደብዳቤ የታሪኩ መታጠፊያ ይህ ቦታ እንደሆነ ገልጾ ክሮንስታድትን በምሳሌነት አነሣ። በመጋቢት 1921 የክሮንስታድት መርከበኞች ነጻ የሶቪየት ምርጫና ለሠራተኛው የመናገር ነጻነት በጠየቁ ጊዜ ቀዩ ጦር በበረዶ ላይ ተሻግሮ ደመሰሳቸው፤ የጦር ኮሚሳሩ ትሮትስኪ ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ልብ የተለያየ ቢሆንም «ለሌላው የሚያስበው እኛ ስለሆንን የተለየ ድርሻ ይገባናል» በሚለው ላይ አልተለያዩም። ክርክራችንን ይህ ይፈታዋል አልልም። ጥያቄውን ግን ከማን ክፉ ነው ወደ ማን ዝም አለ ያዞረዋል።

ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት የፌበር አሳታሚ ድርጅት ኃላፊ ሆኖ በሐምሌ 1944 መጽሐፉን ሲመልስ ያቀረበው ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በእርሱ አስተያየት አሳማዎቹ ከሁሉም ይልቅ ብልሆች ስለሆኑ ለማስተዳደር የሚገባቸው እነርሱ ነበሩ፤ ለእርሻው የጎደለው ለሕዝብ ጥቅም የሚያስቡ አሳማዎች ናቸው። በአገራችንም ይህ ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አለው፤ «ቅን መሪ ይስጠን» የሚለው ጸሎት ከዚህ አይርቅም። ኤልየት ትልቅ ባለቅኔ ቢሆንም እዚህ ላይ ከወተቱ በላይ የወተቱን ጠጪ ጠባይ ያየ ይመስለኛል። ስኖውቦል ለሕዝብ የሚያስብ አሳማ ነበር። ያም ሆኖ ጠጣ።

በነገራችን ላይ ኦርዌል ለናፖሊዮንም ቢሆን ሚዛኑን አላዛባም። ሰዎቹ የንፋስ ወፍጮውን በባሩድ ሲያፈነዱት እንስሳቱ ሁሉ፣ ናፖሊዮንም ጭምር፣ በደረታቸው እንደ ተኙ በመጀመሪያ ጽፎ ነበር። በመጋቢት 1945፣ መጽሐፉ በኅትመት ላይ እያለ፣ ከናፖሊዮን በስተቀር ተብሎ እንዲታረም ለአሳታሚው ጻፈ። ስታሊን ጀርመኖች ሲገሰግሱ ከሞስኮ ስላልወጣ ይህን ለእርሱ መንፈግ ትክክል አይደለም ብሎ ነው። ፈሪ ያልሆነ ሰውም አምባገነን ሊሆን ይችላል።

ከአሳማዎቹ በተቃራኒ ጫፍ የቆመው ጋሪ ጎታቹ ፈረስ ቦክሰር ነው። ኦርዌል በጀርመን መጠለያዎች ለነበሩ የዩክሬን ስደተኞች በ1947 ለታተመው ትርጉም በጻፈው መቅድም የመጽሐፉ ሐሳብ እንዴት እንደ መጣለት ይተርካል። አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ አንድ ግዙፍ የጋሪ ፈረስ በጠባብ መንገድ ላይ እየነዳ፣ ሊታጠፍ ባለ ቁጥር ሲገርፈው ያያል። ይህ ፍጡር ጉልበቱን ቢያውቅ ኖሮ ማን ይነዳው ነበር ብሎ አሰበ። ቦክሰር ያ ፈረስ ነው። ከሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ፣ ኋላም አርባ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይነሣል። ችግር በመጣ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ ተጨማሪ ሥራ። የሶቪየት ጋዜጦች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1935 በአንድ ፈረቃ 102 ቶን የድንጋይ ከሰል አወጣ ብለው ያነገሡትን ስታካኖቭን ያየ ሰው ምሳሌውን አይስተውም።

የቦክሰር ፍላጎት ንጹሕ ነው፤ ለራሱ ምንም አይሻም። አደገኛነቱም ከዚሁ ንጽሕና ይመነጫል። ስኖውቦል ከመጀመሪያውም ከሃዲ ነበር ሲባል ዓይኑ ያየውን ስላልረሳ ይጠራጠራል። በሌላ ቀን ሦስት ውሾች ይዘሉበታል። አንዱን በሰኮናው ረግጦ ይይዝና ልጨፍልቀው ወይስ ልልቀቀው ብሎ ወደ ናፖሊዮን ቀና ይላል። ይህን ቦታ ባነበብሁ ቁጥር መጽሐፉን አጠፍ አድርጌ ጥቂት እቆያለሁ። ጉልበቱ ከእግሩ በታች ታይቷል፤ እርሱ ግን ውሻውን ከላከበት ዘንድ ፈቃድ ይጠይቃል። ወዲያው እንስሳቱ «እየተናዘዙ» ሲታረዱ፣ እንደ እነ ዚኖቪየቭ፣ ካሜኔቭና ቡካሪን በ1936 እና በ1938 የሞስኮ ችሎቶች፣ ቦክሰር ጥፋቱ ከእኛው መሆን አለበት ብሎ ይደመድማል፤ በማግስቱም ይበልጥ ማልዶ ይነሣል።

ጌጠኛዋ ሞሊ ሪባንና ስኳር ፍለጋ ከእርሻው ትኮበልላለች። ቁራው ሙሴ ከደመና በላይ ስላለው አገር እየሰበከ ከአብዮቱ በፊትም በኋላም ሳይሠራ ይበላል፤ ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1943 ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ከታረቀ በኋላ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልግም። እነዚህን እንለፋቸው።

ወደ ክሎቨርና ወደ ቤንጃሚን ደረስን። ክሎቨር የእናትነት ጠባይ ያላት ባዝራ ናት። ኦርዌል የማንበብ ትምህርቱን ውጤት ሲዘረዝር እንደ ቀላል ነገር የሚነግረን ሁሉ ኋላ ፍሬ ያፈራል። ቦክሰር ከአራት ፊደል አላለፈም። ክሎቨር ፊደሉን ሁሉ ለየች፤ ቃል አድርጋ መግጠም ግን አልቻለችም። ፍየሏ ሚዩሪየል ከቆሻሻ ላይ የምታገኘውን ቁራጭ ጋዜጣ ታነባለች። ቤንጃሚን ከማንኛውም አሳማ እኩል ያነባል፤ ነገር ግን ሊነበብ የሚገባው ነገር የለም እያለ አያነብም።

እንግዲህ ተመልከቱ። ክሎቨር ትዝታ አላት፣ ፊደል የላትም። ቤንጃሚን ፊደል አለው፣ ፈቃድ የለውም። አሳማዎቹ በአልጋ ላይ መተኛት ሲጀምሩ ሕጉ ይህን ይከለክል እንደ ነበር ትዝ ይላታልና ወደ ግድግዳው ሄዳ ለማንበብ ትሞክራለች፤ ሲያቅታት ሚዩሪየልን ትጠራለች። ከግድያው በኋላ ደግሞ መግደልን ስለሚከለክለው ስድስተኛው ሕግ እንዲያነብላት ቤንጃሚንን ትለምነዋለች። እርሱ በእንዲህ ያለ ነገር አልገባም ብሎ ይመልሳታል። አሁንም ሚዩሪየል ናት የምታነብላት፤ ሕጉ ላይ ሁለት ቃላት ተጨምረዋል፤ ክሎቨርም የረሳሁት እኔ ነኝ ብላ ታምናለች። ትዝታዋን የሚመሰክርላት አንድ ማንበብ የሚያውቅ ጎረቤት ቢኖር ኖሮ ራሷን ባልጠረጠረች ነበር። ስኩዊለር ሌሊት ከመሰላል ወድቆ ቀለሙ ሲደፋበት እንኳ ነገሩ የገባው ቤንጃሚን ብቻ ነው። አፍንጫውን ነቅነቅ አድርጎ ዝም ይላል። ሰዎቹ ከንፋስ ወፍጮው ሥር ሲቦረቡሩም ባሩድ ሊቀብሩ መሆኑን ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ የሚያስቀው እስኪመስል ድረስ በእርጋታ ይመለከታል።

በእኛ ቋንቋ ቤንጃሚን «ሆድ ይፍጀው» ባይ ነው። «ጎመን በጤና» ይላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውንም ተረት በሚገባ ያውቀዋል፤ እርሱ ራሱ ስለ ዝንብ ሲያነሣ እግዚአብሔር ጅራት የሰጠው ዝንብ እንዲያባርርበት እንደሆነ፣ ነገር ግን ጅራቱም ዝንቡም ባይኖሩ እንደሚመርጥ ይናገራል። ምክንያቱስ ምንድን ነው? ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዝምታው የጀመረው ውሾቹ ገና ቡችላ ሳሉ ነው። ወተቱ በጠፋ ዕለት ማንም አይነክሰውም ነበር። በንፋስ ወፍጮው ክርክር እንስሳቱ በሁለት ጎራ ሲከፈሉ ከአንዱም ያልወገነ እርሱ ብቻ ነበር፤ ወፍጮ ኖረም አልኖረም ሕይወት እንደ ወትሮዋ፣ ማለትም በመከራ፣ ትቀጥላለች ብሎ ያምናል። ጥቅም ፈልጎም አይደለም፤ ፖም አልቀመሰም። ከሁሉም በላይ የሚጠብቀው ነገር ያለመሳሳት ክብሩን ይመስለኛል። ተስፋ ያላደረገ አይታለልም። ስኖውቦል ይሳሳታል፣ ቦክሰር ይሳሳታል፣ ክሎቨር ትሳሳታለች። ቤንጃሚን በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ትክክለኛነቱ ግን ለማንም አልተረፈም።

በቀይ ሽብር ዘመን ዝም ያለውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ በዚህ ሚዛን መመዘን ግፍ ይሆናል። ውሻው ጉሮሮ ላይ ሲደርስ የሚመጣው ዝምታ ሌላ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ወተቱ ዕለት ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽነር የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ከወጡ በኋላ በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ በአብዮቱ መጀመሪያ መኪና መንዳትና ክራቫት ማሰር እንደ ወንጀል ይታይ እንደ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 አካባቢ ጀምሮ ግን ባለሥልጣናቱ የአውሮፓ ስፌት ሱፍ፣ ምርጥ ቤት፣ ምርጥ መኪና፣ ምርጥ ዊስኪ እንደ ለመዱ መስክረዋል። በእነዚያ ስብሰባዎች ላይ ለውጡን ዓይናቸው እያየ የተቀመጡ፣ የተማሩ፣ ሩቅ አገር ደርሰው የመጡ ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ሱፍ ሲለበስ ማን ምን አለ? ይህን የሚናገር ትዝታ ጸሐፊ ብዙ አልገጠመኝም። ትዝታዎቻችን በአብዛኛው የሚጀምሩት ውሾቹ ካደጉ በኋላ ነው።

የቤንጃሚን ነገር እዚህ ላይ ቢያበቃ እንደ ስኩዊለር እንጠላው ነበር። ኦርዌል ግን ለዚህ አህያ አንድ ፍቅር ሰጥቶታል። ቦክሰርና እርሱ እሑድ እሑድ ከፖም ዛፎቹ ማዶ ባለችው ትንሽ መስክ ጎን ለጎን ሆነው፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ይግጣሉ። ቦክሰር ለንፋስ ወፍጮው ድንጋይ ሲጎትት ሳንባው ተጎድቶ ይወድቃል። አሳማዎቹ ከተማ ወስደን እናሳክመዋለን ይላሉ። ሊወስደው የመጣው ዝግ ሠረገላ ጎኑ ላይ ጽሑፍ አለበት። ቤንጃሚን ሲጮህና ሲጋልብ እንስሳቱ ያዩት በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እነርሱ ደኅና ሁን እያሉ ሲያሰናብቱ እርሱ «እናንተ ሞኞች፣ የተጻፈውን አታዩምን?» በሚል ቁጣ ይጮኽባቸዋል፤ ሚዩሪየል ፊደሉን መቁጠር ስትጀምር ገፍትሮ ራሱ ያነበዋል። ሠረገላው ያረጀ ፈረስ እየገዛ ከቆዳውና ከአጥንቱ ሙጫ የሚያወጣ ነጋዴ ነው። በየከተሞቻችን ዳር ዕድሜ ልኩን ጋሪ ጎትቶ ለጅብ የተተወ ፈረስ ያየ ሰው ለዚህ ትርጓሜ አይቸገርም። ቦክሰር ከውስጥ በሰኮናው ይደበድባል፤ ድሮ ቢሆን ሳንቃውን በጥቂት ርግጫ ይሰባብረው ነበር፤ አሁን ግን ጉልበቱ አልቋል። ድምፁም እየራቀ ይጠፋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ኦርዌል አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ በዚህ ምዕራፍ ራስጌ ላይ የሚያኖረው ይመስለኛል። አሳማዎቹም ከየት እንደ መጣ ባልታወቀ ገንዘብ አንድ ሣጥን ዊስኪ ገዙ።

እዚህ ላይ ያለው ንጽጽር ከናፖሊዮንና ከስኖውቦል ንጽጽር ይልቅ ይከብደኛል። ለፍትሕ ያልጮኸው አህያ ለወዳጁ ጮኸ። ያለ ፍርድ የታረዱት አሳማዎች፣ ዶሮዎች፣ ዝይና በጎች የእርሱ ወዳጆች አልነበሩም። ለእነርሱ ግድግዳውን ለማንበብ እምቢ ያለው አፍ ለቦክሰር ሲሆን ተከፈተ። ይህን ስል ወዳጅነትን ማቃለሌ አይደለም፤ ብዙ ሰው ወደ ፖለቲካ የሚገባው በወንድሙ መታሰር ነው። ቤንጃሚን ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሲያነብ የኖረው ስለ ቦክሰር ነበር፤ ሠረገላው እስኪመጣ ድረስ ይህን አላወቀውም።

በአህያው ውስጥ ኦርዌል ራሱ አለ የሚሉ ሐያስያን አሉ። በጨለምተኝነቱ ምናልባት ልክ ናቸው። ነገር ግን በጦርነት መካከል፣ የአገሩ ምሁራን ስታሊንን በሚያሞግሱበት ሰዓት፣ አንድን ረቂቅ ከአሳታሚ ወደ አሳታሚ ይዞ የዞረ ሰው ቤንጃሚን አይደለም።

ኦርዌል እ.ኤ.አ. በጥር 1950 ከሞተ በኋላ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ በሦስተኛ ወገን በኩል የመጽሐፉን የፊልም መብት ከመበለቱ ገዛ። በ1954 በሃላስና ባችለር የተሠራው የካርቱን ፊልም ለእይታ ቀረበ። ገንዘቡን ያወጡት ሰዎች የመጽሐፉን ፍጻሜ፣ አሳማና ሰው በአንድ ገበታ ተቀምጠው መለየት ሲያቅት፣ አልወደዱትም። ስለዚህ በፊልሙ እንስሳቱ እንደገና ተነሥተው አሳማዎቹን ይገለብጣሉ። ይህን ሁለተኛ አብዮት እንዲመራ የተመረጠው ማን መሰላችሁ? ቤንጃሚን ነው። ከፊት ሆኖ እየጋለበ ቤቱን ያስደረምሳል።

በመጽሐፉ ውስጥ ቤንጃሚን ቦክሰር ከሞተ በኋላ አፍንጫው ላይ ሽበት ጨመረ፤ ከቀድሞውም ይበልጥ ዝምተኛ ሆነ። ዓመታት አለፉ። አሳማዎቹ በሁለት እግር መሄድ በጀመሩ ዕለት ዓይኗ የደከመው ክሎቨር ጎተት አድርጋ ወደ ግድግዳው ትወስደዋለች፤ ሕጎቹ እንደ ድሮው መሆናቸውን እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። በዚህን ጊዜ እምቢ አላላትም። ግድግዳው ላይ የቀረው አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ እርሱንም አነበበላት።